ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ያሠራሁት የፍጥነት መለኪያ፦ የአንድ አሮጌ ኤል 300 ጥገና

ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ወደ ኮዬ ፈጬ በሚወስደው መንገድ ዳር በቆርቆሮ የታጠረ አንድ ትንሽ ግቢ አለ፤ በሩ ላይ በቀለም የተጻፈው «የጌጅ ጥገና» የሚል ብቻ ነው። እዚያ የሚሠሩትን አዛውንት ባለሙያ የአካባቢው ሰው ሁሉ ጋሼ ስለሚላቸው እኔም በዚህ ጽሑፍ ጋሼ እላቸዋለሁ። የመኪናዬ የፍጥነት መለኪያ ምን ያህል እንደሚያሳስት ማስረዳት ጀምሬ ገና ሳልጨርስ፣ «ቀስቱን ለጊዜው ተወው፤ ቆጣሪው ከ10 ኪሎ ሜትር ስንት ያጎድላል?» ብለው ጠየቁኝ፤ ቆጣሪ ያሉት መኪናዋ የሄደችውን ኪሎ ሜትር የሚመዘግበውን ነው። ከእሳቸው በፊት መኪናዋን ያየ ማንም ይህን ጥያቄ አላነሣም ነበር፤ የጥገናው ትክክለኛነት በሙሉ የተንጠለጠለው ግን በዚህ ጥያቄ ላይ እንደነበረ ኋላ ተረዳሁ።

መኪናዋ በፈረንጆች 1991 የተሠራች፣ ባለ 2.5 ሊትር ናፍጣ ሞተር፣ ባለ ፎር ዊል ሚትሱቢሺ ኤል 300 ናት። የእንስሳት ሕክምና ባለሙያ ስለሆንኩ ከሁለት ባልደረቦቼና ክትባት ከሚይዘው የበረዶ ሣጥን ጋር በሳምንት ሦስት ቀን ከገላንና ከዱከም ወዲያ ወዳሉት የገበሬ መንደሮች እወጣባታለሁ። በክረምት የአካባቢው መረሬ አፈር ሲላቁጥ ሌላ ሚኒባስ ከአስፋልቱ መውረድ በማይደፍርበት ጊዜ እሷ ገብታ ስለምትወጣ፣ አርጅታለችና ሽጣት የሚሉኝን ሰምቼ አላውቅም። ከሁለት ዓመት በፊት ከመሬት ትንሽ ከፍ እንድትልልኝ ብዬ 215/75 አር 15 የነበረውን ጎማዋን በ235/75 አር 15 ቀየርኩት። ጎማውን የገጠመልኝ ጎሚስታም ሆነ እኔ ይህ ለውጥ የፍጥነት መለኪያውን ይነካል ብለን አላሰብንም።

ስሕተቱን ያወቅሁት በአሮጌው የደብረ ዘይት መንገድ ላይ የትራፊክ ፖሊስ ባስቆመኝ ጊዜ ነው። ቀስቱ 80 ላይ እንደነበረ እርግጠኛ ነበርኩ፤ ራዳሩ ያሳየው ግን 89 ነበር። ቅጣቱን ከፍዬ ስሄድ በመጀመሪያ የጠረጠርኩት ራዳሩን ነው፤ ሆኖም ሰውን ከመውቀሴ በፊት የራሴን መኪና ልመርምር ብዬ በሚቀጥለው እሑድ ከአንድ ባልደረባዬ ጋር ወደ አዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ወጣሁ። እኔ መሪውን ይዤ ቀስቱን 72 ላይ አጸናሁት፤ እሱ በመንገዱ ዳር ያሉትን የኪሎ ሜትር ምልክቶች እየተመለከተ ሰዓት ያዘ። 10 ኪሎ ሜትሩን የጨረስነው በ7 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ 3,600ን አንድ ኪሎ ሜትር ለመጨረስ በፈጀው ሰከንድ ማካፈል ነው። አንዱን ኪሎ ሜትር በ45 ሰከንድ የጨረሰ መኪና በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየሄደ ነው ማለት ነው፤ የእኔ ቀስት ግን 72 ይላል። የስልኩ ጂፒኤስም 80 አለ። በስልክ ለመለካት የሚፈልግ ሰው ፍጥነቱን ለጥቂት ጊዜ ሳይጨምርና ሳይቀንስ ይዞ ማንበብ አለበት፤ ነዳጅ እየሰጡ ወይም ፍሬን እየያዙ ካነበቡት ስልኩ ከመኪናው ወደ ኋላ ስለሚቀር የሚያሳየው ቁጥር ያሳስታል። በዚያው ቀን በእውነተኛው 40 ቀስቱ 36፣ በእውነተኛው 60 ደግሞ 54 እንደሚያሳይ መዘገብን። ባልደረባዬ ቆጣሪው ከ10 ኪሎ ሜትር የመዘገበው 9.6 ብቻ መሆኑንም ጽፎ ነበር፤ እኔ ግን ያን ጊዜ ለዚህ ቁጥር ትኩረት አልሰጠሁትም።

መጀመሪያ የሄድኩት መሃል ከተማ ወዳለ አንድ የዳሽቦርድ ጥገና ቤት ነው። ባለሙያው የመለኪያውን መስታወት አነሣ፣ ቀስቱን ነቅሎ ጥቂት ወደ ላይ ገፋ አድርጎ መለሰው፣ 1,500 ብር ተቀበለኝ፣ ሥራው በግማሽ ሰዓት አለቀ። በእውነተኛው 60 ቀስቱ 60 ስለሚል ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ነገር ግን መኪናዋን አቁሜ ሞተሯን ሳጠፋ ቀስቱ ዜሮ ላይ በመተኛት ፈንታ 6 አካባቢ ቆሞ ቀረ። እንደገና ወጥቼ ስለካ በእውነተኛው 40 ቀስቱ 42፣ በእውነተኛው 80 ደግሞ 78 ነበር። ስሕተቱ በከተማ ፍጥነት ወደ ላይ ዞረ፣ ጥንቃቄ በሚያስፈልግበት ከፍተኛ ፍጥነት ላይ ግን አሁንም ወደ ታች ነው። በልኬት ስሕተት ረገድ ይህ ትልቅ ጥፋት ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም በየፍጥነቱ በመቶኛ እኩል የሚያጎድል መለኪያ በአንድ ቁጥር ሲደመርበት አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይስተካከልና በቀረው ሁሉ ይዛባል፤ አዲስ የሚያየው ሰው ደግሞ የተስተካከለ መስሎት ይታመንበታል።

ጋሼ ዘንድ የሄድኩት ከዚህ በኋላ ነው። 9.6 የሚለውን ማስታወሻ ሳነብላቸው ራሳቸውን ነቀነቁና የመለኪያውን አሠራር እንዲህ አስረዱኝ። ከትራንስፈሩ፣ ማለትም የሞተሩን ኃይል ለፊትና ለኋላ ጎማዎች ከሚያከፋፍለው የማርሽ ሣጥን፣ የሚነሣው ተጣጣፊ ገመድ ሁለት ሥራ ይሠራል። ቆጣሪውን የሚያዞረው ጥርስ ለጥርስ ተያይዞ ስለሆነ፣ ገመዱ በትክክል ከዞረ ቆጣሪው ሊያጎድል አይችልም። ቀስቱ ግን ከገመዱ ጋር ምንም የሚያገናኘው ጥርስ የለም፤ ገመዱ አንዲት ማግኔት ያዞራል፣ ማግኔቷ በአጠገቧ ያለችውን ቀላል የአሉሚኒየም ኩባያ ሳትነካ ትጎትታለች፣ ኩባያዋን ደግሞ እንደ ፀጉር የቀጠነች ሞላ ወደ ዜሮ ትመልሳለች፤ ቀስቱ የሚቆመው የማግኔቷ መጎተትና የሞላዋ መመለስ እኩል በሚሆኑበት ቦታ ነው። ጀርመናዊው ኦቶ ሹልትዘ በፈረንጆች 1902 የባለቤትነት መብት ያስመዘገበበት ይህ ዘዴ እኔን እጅግ አስደንቆኛል፤ ያለ ባትሪና ያለ ምንም ንክኪ ፍጥነትን ወደ ቀስት መለወጡ ዛሬም ድንቅ ነው።

እንግዲህ ቆጣሪው 4 በመቶ ያጎድላል፣ ቀስቱ 10 በመቶ ያጎድላል። ሁለቱ እኩል ቢያጎድሉ ኖሮ ጥፋቱ ከጎማው ብቻ ይሆን ነበር። እኩል ስላልሆኑ ግን ሁለት የተለያዩ ጉድለቶች አንድ ላይ ተደራርበዋል ማለት ነው፤ አንዱ ከዳሽቦርዱ በታች፣ ሌላው እዚያው መለኪያው ውስጥ። በ215/75 አር 15 እና በ235/75 አር 15 መካከል ያለው ልዩነት በቁጥር ሲሰላ የመጀመሪያው ጎማ ቁመት 703.5 ሚሊ ሜትር፣ የሁለተኛው 733.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ አዲሱ ጎማ በእያንዳንዱ ዙር 4.3 በመቶ የበለጠ መንገድ ይሄዳል፣ ገመዱ ግን የሚቆጥረው ዙር እንጂ መንገድ ስላልሆነ ይህን ጭማሪ አያውቀውም። በእውነተኛው 60 ላይ ጎማው ብቻውን ቀስቱን ወደ 57.5 ያወርደዋል፤ ከ57.5 ወደ 54 ያወረደው ደግሞ በ30 ዓመት ውስጥ የደከመችው ማግኔት ናት። ማግኔት ሲደክም ቀስት ዝቅ ይላል፣ ሞላ ሲላላ ቀስት ከፍ ይላል፤ ቀስቱ በየፍጥነቱ እኩል ኪሎ ሜትር የሚያጎድል ከሆነ ደግሞ ማግኔትም ሞላም ሳይሆን ቀስቱ ራሱ ከቦታው ተነቅንቋል ማለት ነው። ይህን ልዩነት የሚያውቅ ሰው መለኪያውን ሳይፈታ በወረቀት ላይ ብቻ የበሽታውን ቦታ ሊያገኘው ይችላል።

ጋሼ ግን በእኔ ማስታወሻ ብቻ ሥራ አልጀመሩም። የጃፓን መለኪያዎች ገመዱ በደቂቃ 637 ዙር ሲዞር ቀስቱ 60 እንዲያሳይ ሆነው የተሠሩ ናቸው፤ በሰዓት 60 ማለት በደቂቃ 1 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ገመዱ በየኪሎ ሜትሩ 637 ጊዜ፣ በ50 ሜትር ደግሞ 31.85 ጊዜ መዞር አለበት። በብረት ሜትር 50 ሜትር ለኩና መነሻውንና መድረሻውን በጠመኔ አሰመሩ። ገመዱን ከመለኪያው ጀርባ ፈትተው ጫፉን ወደ ውጭ ካወጡ በኋላ በላዩ ላይ እንደ ትንሽ ባንዲራ የቆረጧትን ቢጫ ፕላስተር ለጠፉበት። እኔ ማርሹን ዜሮ አድርጌ መሪ ያዝኩ፣ ሁለት ወጣቶች ከኋላ ይገፋሉ፣ ጋሼ ጎኔ ተቀምጠው መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው ባንዲራዋ በዞረች ቁጥር በለሆሳስ ይቆጥራሉ። ጎማው የመድረሻውን መስመር ሲረግጥ 30 ተኩል ሆነ። እንደገና ወደ ኋላ መልሰን ገፋን፤ አሁንም 30 ተኩል። አጭር ርቀት ላይ የግማሽ ዙር ስሕተት ትልቅ ስለሚሆን 50 ሜትር የመረጡት ለዚህ እንደሆነ ነገሩኝ። መጀመሪያ ከመንገዱ የመዘገብነው 4 በመቶም በዚህ ተረጋገጠ።

የገመዱ ሥር ከትራንስፈሩ መውጫ ላይ በአንድ ቡሎን ተይዞ የተቀመጠ አንድ ትንሽ የፕላስቲክ ጊር ነው። ጋሼ አውጥተው በጨርቅ ጠረጉትና አንዱን ጥርስ በእስክሪብቶ ምልክት አድርገው ቆጠሩ፤ 25 ጥርስ ነበረው። ይህ ጊር የሚዞር እንጂ የሚያዞር ስላልሆነ ጥርሱ ሲያንስ ይፈጥናል፤ ባለ 24 ጥርስ ቢገባ ገመዱ 4.2 በመቶ ይፈጥናል፣ ጎማው ያስከተለው ጉድለት 4.3 ስለነበረ ከዚህ በላይ የሚጠጋ ነገር አይገኝም። ትልቅ ማርሽ በማይሠራበት ጭቃ ውስጥ ስለምነዳ፣ የፎር ዊሉን ዝግ ያለ ማርሽ ሳስገባ ልኬቱ ይበላሽ እንደሆነ ጠይቄ ነበር፤ ገመዱ የሚነሣው ፍጥነት ከተቀነሰ በኋላ ካለው መውጫ ስለሆነ ምንም እንደማይለወጥ አስረዱኝ፤ ኋላ በጭቃ መንገድ ላይ በስልኩ ሳመሳክረው እውነት ሆኖ አገኘሁት።

ጊሩን ራሴ እንድፈልግ ስለነገሩኝ በማግሥቱ ግማሽ ቀን መርካቶ ሶማሌ ተራ ውስጥ ዞርኩ። የጥርሱ ዝንባሌና የዘንጉ ቁመት ከአሮጌው ጋር እኩል መሆን እንዳለበት አስጠንቅቀውኝ ስለነበር አሮጌውን በኪሴ ይዤ እያስተያየሁ በመጨረሻ ባለ 24 ጥርስ ያገለገለ ጊር በ1,200 ብር ገዛሁ። ይህን እንደ ድክመት እቆጥረዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ቤት ቢያንስ የተለመዱትን ጊሮች በእጁ ቢያኖር ደንበኛ ቀኑን አያጠፋም ነበር። ጊሩ ሲገባ የዘይት ማኅተም የሆነችውን ጎማ ቀለበትም በአዲስ ቀየሩልኝ። ገመዱን አውጥተው አጠቡት፤ ከታች ጀምሮ ሁለት ሦስተኛውን ብቻ በስሱ ግራሶ ቀቡት፤ ወደ ላይኛው ጫፍ የቀረበ ግራሶ እየዞረ ወደ መለኪያው ገብቶ ኩባያዋን ስለሚያጣብቅ እንደሆነ ነገሩኝ። በፊት በዝግታ ስሄድ ቀስቱ የሚንቀጠቀጥበት ምክንያት ገመዱ በመድረቁ ነበር፤ አሁን ጸጥ ብሏል።

የቀረው የማግኔቷ ጉዳይ ነው። ጋሼ በእጃቸው የጠቀለሉት የመዳብ ሽቦ ኮይል አላቸው። መጀመሪያ ማግኔቷን ከሚያስፈልገው በላይ ኃይል ሰጥተው አጠነከሯት፤ ከዚያ መለኪያውን ፍጥነቱ በሚስተካከል ሞተር እያዞሩ በብርሃን በሚያነብ ዙር መቁጠሪያ 637 ዙር ላይ አጸኑትና ኃይሏን በሌላ ኮይል ጥቂት በጥቂት ቀነሱላት። መጀመሪያ ቀስቱ 71 ላይ ነበር፤ ኮይሉን ባስጠጉ ቁጥር አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ይወርዳል፣ ሞተሩን አቁመው ያያሉ፣ እንደገና ያዞሩታል። ከሚፈለገው በታች ካወረዱት ደግሞ እንደ አዲስ መጀመር ስላለባቸው ይህን ያደረጉት በታላቅ ትዕግሥት ነው፤ እኔ ቆሜ ባየሁት ጊዜ ብቻ ከአሥር ጊዜ በላይ ደጋግመውታል። ያኛው ቤት ከቦታው የገፋውን ቀስት አስቀድመው ነቅለው ዜሮ ላይ መልሰውት ነበር። ልኩ ሲደርስ ልክ 60 ላይ ሳይሆን 62 ላይ ተዉት። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ «ቀስት ጨምሮ ቢያሳይህ ትዘገያለህ እንጂ ሰው አትጎዳም» አሉኝ። ይህ አስተሳሰብ የእሳቸው ብቻ አይደለም፤ የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪዎች ደንብ ቁጥር 39 የፍጥነት መለኪያ ከእውነተኛው ፍጥነት በታች ፈጽሞ እንዳያሳይ ይከለክላል፣ ወደ ላይ ግን የእውነተኛውን ፍጥነት 10 በመቶ ሲደመር 4 ኪሎ ሜትር ይፈቅዳል። በዚህ ስሌት በእውነተኛው 80 ላይ እስከ 92 ድረስ ማሳየት ይቻላል፤ የእኔ መኪና 83 ትላለች።

ሥራው ካለቀ በኋላ በዚያው የፍጥነት መንገድ ከዚያው ባልደረባዬ ጋር ደግሜ ለካሁ። በ40 ቀስቱ 41፣ በ60 ላይ 62፣ በ80 ላይ 83 ሆነ፤ ቆጣሪውም ከ10 ኪሎ ሜትር 10.0 መዘገበ። ከሦስት ወር በኋላ ክረምቱ ካለፈ ወዲህ ስለካው አልተለወጠም። የጎማ ለውጡ ካስከተላቸው ነገሮች አንዱ ግን ሊስተካከል አይችልም፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ቆጣሪው 30,000 ኪሎ ሜትር ሲመዘግብ መኪናዋ በእውነቱ ወደ 31,280 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳለች፣ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ የቀየርኩት የሞተር ዘይትም በእውነቱ ከ5,200 በላይ ሄዷል። መኪናዬ ናፍጣ አበዛች እያልኩ ስወቅሳት የኖርኩት በከፊል በዚህ ስሕተት ነበር። ጋሼ ያለፈውን ጉድለት በቆጣሪው ላይ እንድጨምር አልተስማሙም፤ የቆጣሪ ቁጥር ወደላይም ወደታችም እጅ አይነካውም፣ ጊሩ የተቀየረበትን ቀንና ቁጥር በደብተር ጻፍ አሉኝ። እዚያው ቆሜ ሳለሁ አንድ ሰው የፒክአፑን ኪሎ ሜትር ሊያስቀንስ መጥቶ ነበር፤ ዋጋውን ሦስት ጊዜ ቢጨምርላቸውም አሻፈረኝ ብለው መለሱት። በዚህ ሙያ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ማግኘቴ ከጥገናው ባልተናነሰ አስደስቶኛል፤ አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው ሁሉ የሚተማመነው በዚያች ቁጥር ላይ ነውና።

ያልወደድኳቸው ነገሮችም አሉ። ግቢው ጠባብ ስለሆነ መኪናውን የገፋነው በአስፋልቱ ዳር ነው፤ ሲኖትራኮች በአጠገባችን እያለፉ ሁለት ወጣቶች ከኋላ ሆነው መግፋታቸው አስጨንቆኛል፣ ለዚህ ሥራ ሌላ ጸጥ ያለ መንገድ መፈለግ ነበረባቸው። ለደንበኛ መጠለያ የለም፤ ዝናብ ሲመጣ መኪና ውስጥ መቀመጥ ነው። ዳሽቦርዱ ሲገጠም አንዷ አምፖል ሳትሠራ ቀርታ በማግሥቱ ተመልሼ ማሠራት ነበረብኝ፤ ያለ ክፍያ ወዲያው ሠርተውታል። ዋስትናው በቃል ብቻ ነው፣ ደረሰኝም እኔ ስጠይቅ ነው በእጅ የጻፉልኝ። የከፈልኩት የእጅ ዋጋ 3,500 ብር፣ ለጎማ ቀለበቱና ለግራሶው 200 ብር ሲሆን ከጊሩ ጋር ጠቅላላው 4,900 ብር ነው። ሥራው ሁለት ቀን ፈጅቷል። እዚያው ላይ የኤሌክትሪክ ሴንሰር ያላቸውን የአዳዲስ ሚኒባሶች መለኪያም እንደሚሠሩ አይቻለሁ፤ የምመሰክረው ግን በገመድ ለሚሠራው ብቻ ነው።

ወደዚያ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ በሦስት የተለያዩ ፍጥነቶች ቀስቱ ያሳየውንና ከ10 ኪሎ ሜትር ቆጣሪው የመዘገበውን ጽፎ ቢሄድ ግማሽ ቀን ይቆጥባል፤ የጎማው አየር ልክ መሆኑንም በዚያው ጠዋት ያረጋግጥ፣ ከመጠን በታች የተነፋ ጎማ ልኬቱን ያዛባልና። መኪናዬን ስረከብ ጋሼ ባለ 25 ጥርሱን አሮጌ ጊር በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ። «ወደ ድሮው ጎማ ስትመለስ ይህንን ይዘህ ና፤ ያን ጊዜ ሶማሌ ተራ አትዞርም» አሉኝ። አሁን ከመኪናዋ ሊብሬ ጋር አንድ ላይ አስቀምጬዋለሁ።